ዞሮ የሚመልስና የማይመልስ ተራራ

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይላል ያገራችን ሰው። በዕረፍት ቀን ከማኅበራችን ጓደኞች ጋር በእግር የምንወጣው ተራራም እንደዚሁ ነው፤ መንገዱ በከፍታው ላይ ያሉትን ሐይቆች አዙሮ ከተነሣንበት ይመልሰናል። ልምዱ መልካም ነው። ነገር ግን ተራራ ለሁሉም አንድ ነውን?

ከየመን ሰዓዳ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን የሚያሻግሩትን ተራራዎች እንመልከት። በጂዛን በኩል ገበሬው በእርከን ላይ ቡና ያለማል፤ የኸውላኒ ቡና አመራረት ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ድንበር፣ የቡና አገር ልጆች ይሞቱ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ መተኮሳቸውን ከተረፉት አንደበት መዝግቦ፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ቢያንስ 655 ሰዎች እንደሞቱ ገልጿል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎታል።

በመካከላችን «ማን ሂዱ አላቸው?» የሚል አይጠፋም። ድንበር በስውር የተሻገረ ሰው ቢጠየቅ በሕግ ነው እንጂ በጥይት አይደለም። እኛንም ከነሱ የለየን ብልጠት ሳይሆን ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት ነው።

ስለዚህ ማዘን ብቻ አይበቃም። ኦሮምኛ፣ ትግርኛና አማርኛ የምንችል የተረፉትን ቃል እንመዝግብ፤ ዐረብኛ የምናውቅ እንተርጉም፤ ሕግ የምናጠና ነፃ ምርመራ እንዲካሄድ እንጻፍ። ከተራራው በደኅና የተመለሰ ሰው ላልተመለሰው የመናገር ዕዳ አለበት።