ብስክሌት እንደ ነጂው ልክ ስለ መስተካከሉ

ለአንድ ሰው ልክ የሆነ ዕቃ ለሌላው ልክ እንደማይሆን የማያውቅ ሰው የለም። የአባት ጫማ ለልጅ ይሰፋል፤ የልጅ ቀሚስ ለእናት ይጠባል። በበቅሎ መጓዝ የለመዱ አባቶቻችንም ጉዞ ሳይጀምሩ አስቀድመው እርካቡን እንደ እግራቸው ቁመት ያሳጥሩ ወይም ያስረዝሙ፥ ጠፍሩንም በጣታቸው ፈትነው ያጠብቁ ነበር እንጂ፥ ሌላ ሰው ለራሱ ባስተካከለው ኮርቻ ላይ እንዲሁ ዝም ብለው አይቀመጡም ነበር። እነርሱ ለበቅሎ ያደረጉትን ይህን ጥንቃቄ፥ እኛ ለልጆቻችን በምንገዛው ብስክሌት ላይ እንዴት እንረሳዋለን? ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገረው ስለዚሁ ነገር ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳስበው እንደ ጎጆ ባሉት በምዕራብ ሸዋ የደጋ ከተሞች ለሚኖሩት ቤተ ሰቦች ነው። ጎጆ የጀልዱ ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከግንጪ ወደ ሰሜን ተገንጥለው ሽቅብ ሲወጡ የምትገኝ፥ ብርድ የበዛባት፥ ገብስና ድንች የሚበቅልባት አገር ናት። በዚያ ደጋ ፈረስ እስከ ዛሬ የሰውና የጭነት አገልጋይ ነው። ብስክሌትም በመጣ ጊዜ ያው ፈረሱ የሚሄድበት ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በጠጠር መንገድ ላይ የመኪና ጎማ እየደጋገመ ያወጣው ሽንትር እንደ እርሻ ትልም ተደርድሮ ይገኛል፤ ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ድንጋይና የጎርፍ ቦይ አለ፤ ወደ ግንጪ ሜዳ ሲወርዱም በክረምት ጎማ የሚይዘው ጥቁር መረሬ አፈር ይቀበላል። በእንዲህ ያለ አገር የሚነዳ ብስክሌት ከነጂው ጋር ካልተስማማ፥ ጉዳቱ ከድካም አልፎ ለመውደቅ ያደርሳል።

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ዓይነት በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ ማሪን በሚባለው አውራጃ የተስፋፋ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. የዚያ አገር ወጣቶች ያረጁና የከበዱ ብስክሌቶችን ይዘው በአንድ ቁልቁለት ይሽቀዳደሙ ጀመር፤ ውድድሩንም ሪፓክ ብለው ጠሩት፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። እንዲህ የተባለበትም ምክንያት የኋላው ፍሬን በጣም እየጋለ ቅባቱ ስለሚቃጠል፥ ከቁልቁለቱ በኋላ ቅባቱን እንደገና መሙላት ግድ ስለ ነበረ ነው። እነዚያ ብስክሌቶች አሞርዛተር አልነበራቸውም፤ የድንጋዩን ምት የሚቀበለው የነጂው ክንድና ጉልበት ብቻ ነበረ። በ1989 ዓ.ም. ግን ፖል ተርነር የተባለ ሰው ሮክ ሾክስ የተባለውን ኩባንያ አቁሞ፥ በአየርና በዘይት የሚሠራ የፊት ሹካ ለገበያ አወጣ። ከዚህ በኋላ የተራራ ብስክሌት ውድድር በ1996 ዓ.ም. በአትላንታ ከኦሎምፒክ ጨዋታዎች መካከል ተቆጠረ። ለአገራችንም ቢሆን የብስክሌት ግልቢያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት፥ በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፥ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

አሞርዛተር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የመሸከም ሥራ ነው፤ ይህንንም የሚሠራው ሞላ የሚባለው ጥምዝ ብረት ወይም በሹካው ውስጥ የታመቀ አየር ነው። ሁለተኛው የመግታት ሥራ ነው፤ ይህንንም የሚሠራው በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ዘይት ነው። ሞላው ብቻውን ቢሆን፥ አንድ ጊዜ ከተጨመቀ በኋላ እንደ ኳስ እየነጠረ ነጂውን ባስቸገረው ነበር፤ ዘይቱ ግን ያንን ንጥረት ያበርዳል። እንግዲህ ማስተካከል ማለት፥ ሞላውን ለነጂው ክብደት፥ ዘይቱንም ለሞላው ጉልበት ልክ ማድረግ ነው።

ለምሳሌ ያህል ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ አባት ብስክሌት ገዝቶ፥ ለራሱ በሚመቸው አኳኋን አስተካከለው እንበል። የሹካው ሙሉ ጉዞ 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ አባትየው በተቀመጠበት ጊዜ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ይህም መልካም ነው። በማግሥቱ ክብደቱ 45 ኪሎ የሆነው ልጁ ያንኑ ብስክሌት ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ቢሄድ፥ ሹካው የሚወርድለት 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለአባት የለሰለሰው ለልጅ ደረቅ እንጨት ሆነበት ማለት ነው። በጠጠሩ መንገድ እጁ ይደነዝዛል፤ ጣቶቹ የፍሬኑን እጀታ አጥብቀው መያዝ ይሳናቸዋል፤ የፊተኛውም ጎማ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ ከመሬት ይለያል። ከመሬት የተለየን ጎማ ደግሞ ፍሬን ሊያቆመው፥ መሪም ሊያዞረው አይችልም። በተቃራኒው አባት ለልጁ በተስተካከለው ላይ ቢወጣ፥ ሹካው በክብደቱ ብቻ እስከ 35 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊዘቅጥ ይችላል፤ ጕድጓድ ሲያገኝም እስከ መጨረሻው ወርዶ ብረት ከብረት ይጋጫል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ለወላጆች ልናሳስብ እንወዳለን። በጨዋነት ያደገ ልጅ አባቱ በገዛለት ነገር ላይ እንከን አውጥቶ አይናገርም። እጁ ቢደነዝዝም፥ ጀርባው ቢታመምም፥ «ደኅና ነው፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል። አባትም እርሱ ራሱ ሲነዳው ስለ ተመቸው፥ ልጁ የወደቀው ባለመጠንቀቁ ይመስለውና ይቈጣዋል። ስለዚህ የልጁን ዝምታ እንደ ምቾት ምስክር አንቍጠረው። ብስክሌቱን የሚነዳው ማን እንደ ሆነ፥ በዚያው ሰው ክብደትና በዚያው ሰው ቃል እናስተካክለው። ለሴቶች ልጆቻችንም ነገሩ አንድ ነው፤ የወንድም ብስክሌት ለእኅት ሲተላለፍ፥ የኮርቻው ቁመት ብቻ ሳይሆን ሞላውም ከእርሷ ጋር መስማማት ይገባዋል።

አሁን ሥራውን በየተራው እንናገር።

በመጀመሪያ የጎማው አየር ይታይ። እጅግ የተነፋ ጎማ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር፥ አሞርዛተሩ ምንም ቢስተካከል ጥቅሙ አይታወቅም። ከፍተኛው ልክ በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በጠጠርና በድንጋይ መንገድ ከዚያ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ይሁን እንጂ ቸርኬው ከድንጋይ እስኪጋጭ ድረስ ማላላት አይገባም።

ሁለተኛው ዝቅታን መለካት ነው። ዝቅታ የምንለው ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ በነጂው ክብደት ብቻ አሞርዛተሩ የሚወርደውን መጠን ነው። ነጂው ሁልጊዜ የሚለብሰውን ልብስ ለብሶ፥ ካፖርቱንም ሆነ ጋቢውን ሳይጥል፥ የሚይዘውንም የመጽሐፍ ከረጢት አዝሎ ይውጣ፤ ሌላ ሰው ብስክሌቱን ይደግፍለት። በሹካው እግር ላይ ቀለበት የሚመስል ላስቲክ ካለ ወደ ታች ተገፍቶ ከማኅተሙ ጋር ይጋጠም፤ ከሌለም ቀጭን ክር ማሰር ይበቃል። ነጂው በሁለቱ ፔዳሎች ላይ ቆሞ መሪውን እንደ ወትሮው ይያዝ፤ ከዚያም ሹካውን ሳይነቀንቅ ቀስ ብሎ ይውረድ። ላስቲኩ ከማኅተሙ የራቀበት ልክ ዝቅታው ነው። ለፊተኛው ሹካ ከሙሉው ጉዞ ከ15 እስከ 25 ከመቶ፥ የኋላ አሞርዛተር ላለው ብስክሌት ደግሞ ለኋላው ከ25 እስከ 30 ከመቶ መልካም መነሻ ነው። የኋላው የሚለካው ነጂው በኮርቻው ላይ ተቀምጦ ነው።

ሹካው በአየር የሚሠራ ከሆነ፥ ዝቅታው ሲበዛ አየር ይጨመር፤ ሲያንስ ይቀነስ። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ለአሞርዛተር የተሠራው ባለመለኪያ ትንሽ መንፊያ ነው እንጂ የጎማው መንፊያ አይደለም፤ የሹካው ክፍል ጠባብ፥ ግፊቱም ብርቱ ስለ ሆነ፥ የጎማው መንፊያ ልኩን ይስታል። አየር በተጨመረ ወይም በተቀነሰ ቍጥር ሹካውን ጥቂት ጊዜ ተጭኖ መልቀቅና እንደገና መለካት ይገባል። ደግሞም አየር በብርድ ጊዜ ግፊቱ ይቀንሳል። በቀትር በ25 ዲግሪ ሙቀት በ80 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ሹካ፥ በጎጆ ማለዳ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲሆን ከ4 እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይጐድልበታል። ስለዚህ ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው ማለዳ ከሆነ፥ የሚለካውም ማለዳ ይሁን።

ሹካው በብረት ሞላ የሚሠራ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑት ብዙዎቹ ብስክሌቶች እንዲህ ያሉ ናቸው። በሹካው ራስ ላይ የሚዞር መክደኛ ይኖራል፤ ብዙ ሰዎች እርሱን በማጥበቅ ሞላውን ያጠነከሩት ይመስላቸዋል። ነገር ግን መክደኛው ሞላውን አስቀድሞ ስለሚጫነው ዝቅታውን በጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ የሞላውን ጉልበት አይለውጥም። ነጂው ለሞላው እጅግ የከበደ ወይም እጅግ የቀለለ እንደ ሆነ፥ መድኃኒቱ የሚገኝ ከሆነ ሞላውን በሌላ መለወጥ ነው።

ሦስተኛው የመመለሱን ፍጥነት መለካት ነው። በብዙ ሹካዎች ላይ ይህ የሚስተካከለው ከእግሩ በታች ባለው፥ ብዙ ጊዜ ቀይ በሆነው መዘውር ነው። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ሹካው ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይፈጥናል። መጀመሪያ መዘውሩን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሮ፥ ከዚያ ወደ ግራ እየመለሱ ቀጭ የሚለውን ድምፅ መቍጠርና መካከሉ ላይ ማቆም ነው። ከዚያም ነጂው ከዝቅተኛ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ይውረድ። ሹካው ተጨምቆ፥ ተመልሶ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቅሶ ከረጋ መልካም ነው። እየደጋገመ ከነጠረ ፈጥኗል፤ እጅን ወደ ላይ ይወረውራል። እጅግ ከዘገየ ደግሞ ሌላ ክፋት አለበት፤ እንደ ትልም በተደረደረው መንገድ ላይ ከመጀመሪያው ጕብታ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ እንዲህ እያለ ዝቅ ብሎ ይቀርና የሚቀበልበት ጉዞ ያጣል። አየር የተጨመረለት ሹካ የሚመለሰው በብርቱ ስለ ሆነ መዘውሩም ወደ ቀኝ መጨመር ይገባዋል፤ አየር የተቀነሰለት ሹካ ተቃራኒው ነው። አየሩን ለውጦ መዘውሩን መርሳት ሥራውን እኩል ሠርቶ መተው ነው።

አራተኛው ሹካውን የሚቆልፈው መዘውር ነው። በአስፋልት ዳገት ጉልበት እንዳይባክን መቆለፍ ይጠቅማል፤ ቁልቁለቱ ሲጀመር ግን መክፈት አይዘንጋ።

ከዚህ በኋላ ነጂው በለመደው መንገድ ላይ ደርሶ ይመለስና ላስቲኩ የት እንደ ቆመ ይታይ። በተራ መንገድ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው የሚደርስ ከሆነ ለስልሷል፤ በብርቱ ጕድጓድ ላይ እንኳ ከግማሽ የማያልፍ ከሆነ ጠንክሯል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሁለትና ሦስት ነገር በአንድነት ቢለወጥ የትኛው እንደ ጠቀመና የትኛው እንደ ጐዳ አይታወቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በችኮላ የሚለውጥ ሰው መልሶ ከመጀመሪያው ለመነሣት ይገደዳል።

አንድ ብስክሌት ለብዙ ሰው በሚያገለግልበት ቤት፥ ትንሽ ደብተር ይዘጋጅ። የእያንዳንዱ ነጂ ስም፥ ክብደት፥ የአየሩ ልክ፥ የዝቅታው ሚሊ ሜትርና የመዘውሩ ቍጥር ይጻፍበት። አባት ሲመለስ የልጁን ቍጥር፥ ልጅም ሲመለስ የአባቱን ቍጥር መመለስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ልጅ ደግሞ በየጊዜው ያድጋልና፥ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቍጥር ሚዛን ላይ ወጥቶ ቍጥሩ ይታደስ።

ስለ ጽዳትም እንጨምር። ጭቃ በሹካው እግር ላይ ከደረቀ፥ ሹካው በወረደና በወጣ ቍጥር ማኅተሙን እንደ አሸዋ ይፍቀዋል። ስለዚህ ከጉዞ መልስ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ በብርቱ ውኃ ማኅተሙን መምታት ግን አይገባም። ሮክ ሾክስ የታችኛው እግር በየ50 ሰዓት ግልቢያ ተከፍቶ እንዲጠረግና ዘይቱ እንዲለወጥ ይመክራል፤ ይህንንም ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ይሻላል። የራስ ቁርም ከብስክሌቱ ጋር አብሮ ይገዛ፤ ምንም የተስተካከለ ሞላ ራስን አይጠብቅም።

እንግዲህ ልጁን ብስክሌት የገዛለት አባት ስጦታውን ገና እኩል ሰጥቷል፤ ቀሪው እኩሌታ አንድ ማለዳ ከልጁ ጋር ቆሞ፥ መለኪያ ይዞ፥ «እጅህን አመመህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፥ መልሱንም በትዕግሥት መስማት ነው። ይህን ያደረገ ወላጅ፥ ልጁ ከጎጆ ደጋ ወደ ግንጪ ሲወርድ ልቡ ያርፋል።