ለገና የሚታይ ፊልም



ገና ታኅሣሥ 29 ነው። በአቃቂ ገበያ የበግ ዋጋ ስንት ደረሰ? እኔ ዛሬ ስለ አንድ በግ ላውጋችሁ፤ የፊልም በግ ነው።

ፊልሙ «ላምብ» ይባላል። ጠቦት ማለት ነው። የሠራው ያሬድ ዘለቀ ነው። ንግግሩ በአማርኛ ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ በካን ከተማ ለዓለም ታየ። በካን የፊልም በዓል በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው።

ኤፍሬም የ9 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ከዘመድ ቤት ተወው። የኤፍሬም ጓደኛ በጉ ብቻ ነው። የበጉ ስም ቹኒ ነው።

በዓል ሲቀርብ አጎቱ በጉን እንዲያርድ አዘዘው። አጎትዬው ክፉ ሰው ነው አልልም። ቤቱ ችግር አለ። ለበዓል ሥጋ የማይወድ ማን ነው? ልጁም እውነት አለው።

ኤፍሬም ታዲያ ምን ያደርጋል? ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ይሸጣል። ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው ሐሳቡ። ወንድ ልጅ ማብሰሉ ግን አጎቱን ያናድደዋል። እኔን ሳምቡሳው አስጎመጀኝ!

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ወጡ ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ከቤተሰብ ጋር እዩት። ልጆቻችሁ ከገናው በግ ጋር ከተላመዱ ግን፣ ከበዓሉ በፊት ባያዩት ይሻላል።