ጥፋቱ የጊታሩ አይደለም

«ሙዚቃው ከተለወጠ መንፈሱም ተለውጧል» የሚል ፍርድ በወጣቶች ኅብረቶቻችን በቀላሉ ይነገራል። ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል፤ እኔ ግን ስንፍና ነው እላለሁ። ከመመርመር ያሳርፈናልና።

የአየርላንዱን ዩቱ ባንድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1976 በደብሊን ተማሪዎች የተመሠረተ፣ ከፓንክ ማዕበል በኋላ የመጣ ባንድ ነው። ከአራቱ አባላት ሦስቱ፣ ቦኖ፣ ዚ ኤጅና ላሪ ሙለን፣ ሻሎም በሚባል የክርስቲያኖች ኅብረት ውስጥ ነበሩ። በ1981 ባወጡት «ኦክቶበር» አልበም እምነታቸው በግልጽ ይሰማል። በዚያው ዘመን «ሮክና ክርስትና አብረው ይሄዳሉን?» የሚለው ጥያቄ ባንዱን ሊበትነው ምንም አልቀረውም ነበር።

በ1984 ብራያን ኢኖና ዳንኤል ላኑዋ ፕሮዲውስ ያደረጉት «ዚ አንፎርጌተብል ፋየር» ወጣ። እንደ ሰልፍ ይረግጥ የነበረው ከበሮና ስለታሙ ጊታር ለዘብ አሉ። ድምፁ እንደ ጉም ተንሳፈፈ፤ የ1960ዎቹን ሳይከደሊክ ሮክ የሚያስታውስ ሕልም መሰል ነገር ሆነ። የዚያ ሙዚቃ ስም ደግሞ አእምሮን ከሚያዛባ ዕፅ ጋር የተያያዘ ነው። ፈራጁ ወንድማችን ይህን ሲሰማ «ይኸው፣ ወደቁ!» ይላል።

ቆይ ወንድሜ፣ እስቲ ውስጡን ስማ። «ባድ» የተባለው መዝሙር መሰል ዘፈን በሄሮይን ለሚጠፋ ሰው የሚያለቅስ ነው። ሁለት ዘፈኖች ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ያስባሉ። የአልበሙ ርእስ የተወሰደው ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ከሠሩት የሥዕል ኤግዚቢሽን ነው። በዕፅ የሚጠረጠረው ድምፅ በዕፅ ለሚሞተው ራራ። ታዲያ ውድቀቱ የቱ ላይ ነው?

እርግጥ ነው፣ አልበሙ ነቀፌታ አያጣም። ቦኖ ራሱ ግጥሞቹ ያላለቁ ንድፎች እንደነበሩ አምኗል። «ፕራይድ» ኪንግ በማለዳ እንደተገደለ ይናገራል፤ የተገደለው ግን ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ወደ ምሽቱ ገደማ ነው። ስለ እውነት ሰማዕት ሲዘፈን እውነቱን አለማጣራት ጥፋት ነው። ይህን እንንቀፍ! ነገር ግን ጥፋቱ የቃል እንጂ የጊታር አይደለም፤ ድምፁን ብቻ የሚያሳድድ ሰውም ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያገኘውም።

«ድምፅም ልብን ይመራል» የሚለኝ አለ። ልክ ነው፣ ይመራል። ስለዚህ ወዴት እንደሚመራ እንጠይቅ። አሞጽ ምዕራፍ 5ን አንብቡ። እግዚአብሔር የእስራኤልን ዝማሬ የናቀው በገናው ስላልተቃኘ ወይም ዜማው አዲስ ስለሆነ አልነበረም፤ ከዝማሬው ጀርባ ፍርድና ጽድቅ ስለጠፉ ነው። የለመዱትን ዜማ እየዘመሩም መጠላት ይቻላል ማለት ነው።

የኅብረታችሁ መዘምራን በሚቀጥለው እሑድ ያልተለመደ ድምፅ ይዘው ቢመጡ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ቃሉ እውነት መሆኑን መርምሩ። ዘማሪው ለማን እንደሚራራም እዩ። ከዚያ በኋላ የምትነቅፉት ካለ በድፍረት ንቀፉ።