መጠይቁ ከተሞላ በኋላስ?

የመመረቂያ ጥናት ወቅት ሲደርስ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ ወጣቶች ይበዛሉ። የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪዎችና የቀጠሯቸው መረጃ ሰብሳቢዎች ናቸው። ስልካቸው ላይ ኮቦ ወይም ኦዲኬ ተጭኗል። ሕፃን ልጅ ያላትን እናት ይጠይቃሉ፤ የት ወለድሽ? መጸዳጃ ቤት አላችሁ? ልጁ ትናንት ምን በላ? የልጁ ክንድ ይለካል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሥራዋን ትታ ቡና የምታፈላላቸውም አትጠፋም።

ጥያቄው ከመጀመሩ በፊት የስምምነት ቅጽ ይነበብላታል። የቅጹ ይዘት የትም ቦታ ተቀራራቢ ነው፤ በጥናቱ በመሳተፍሽ በቀጥታ የምታገኚው ጥቅም የለም፣ ውጤቱ ግን የጤና አገልግሎቱን ለማሻሻል ይረዳል ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ቃል ነው፤ ቃሉ ተፈጸመ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ማግኘት ይከብዳል። ዳታው ወደ ኤስፒኤስኤስ ይገባል፣ ቲሲሱ ይጻፋል፣ ዲፌንሱ ያልፋል፣ ጋውን ይለበሳል። ከቀናም ጽሑፉ በአንድ ጆርናል ላይ ይወጣል፣ በእንግሊዝኛ። የተጠየቀችው እናት ቀርታ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ምን እንደተገኘ አትሰማም።

ይኼ መለወጥ አለበት እንላለን። ለሕዝብ የሚሰጥ አገልግሎት የኅብረተሰብ ጤና የድኅረ ምረቃ ትምህርት አካል ሆኖ ለተማሪው በውጤት፣ ለመምህሩም በሥራ ሊቆጠር ይገባል። በዓመት አንድ ቀን ባነር ይዞ ወጥቶ ሳሙና ማከፋፈልና ፎቶውን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ማለታችን አይደለም። (ሳሙናው አይጠላም፤ ግን እሱን ለማደል ማስተርስ አያስፈልግም።)

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ከመከፈቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅታ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች መላክ የጀመረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ተማሪው እየተማረ ሕዝቡ ይገለገል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጅማው የጤና ሳይንስ ተቋምም ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ነው የተነሣው። ተማሪዎችን በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ የማውጣቱ ልምድ ዛሬም አለ፤ ግን ይበልጥ የሚታየው በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ነው። ማስተርስ ሲደረስ ተማሪው ለብቻው ይወጣል፣ የሚወጣውም በአብዛኛው ሊጠይቅ ነው። ዕውቀቱ በጨመረ ቁጥር ለሰፈሩ የሚተርፈው ነገር ያንሳል፤ ግራ የሚያጋባው ይኼ ነው።

በማስተርስ ደረጃ አይሆንም የሚል ካለ የፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናን ይመልከት። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ትብብር የተጀመረ የሁለት ዓመት የማስተርስ ፕሮግራም ነው፤ ከጊዜው ትልቁ ክፍል የሚያልፈው በመስክ ነው። ኩፍኝ ወይም ኮሌራ ሲነሣ ሠልጣኙ ወረዳው ድረስ ሄዶ መነሻውን ይመረምራል፣ የበሽታ ቅኝት መረጃ ይተነትናል፣ የሚደረገውንም ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ይጠቁማል። ለወረዳው የሠራው ሪፖርት ለዲግሪውም ይቆጠርለታል። በኮቪድ ጊዜም አቅሙ እንዳለ አይተናል፤ በ2012 ዓ.ም. ክፍሎች ሲዘጉ በየዩኒቨርሲቲው ሳኒታይዘር የተመረተው በመምህራንና በላብራቶሪ ባለሙያዎች እጅ ነው።

እሺ፣ ገንዘቡስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ለጥናት የሚሰጠው በጀት ለመረጃ ሰብሳቢ አበልና ለትራንስፖርት እንኳ አይበቃም። ብዙው ተማሪ ቤተሰብ ያለው፣ ሥራና ትምህርት አጣምሮ የሚሮጥ ሰው ነው። በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ጫኑበት ብንል ‹‹ሪሰርች እንሠራለን›› ለሚሉት የቴሌግራም ነጋዴዎች ገበያ ማሟሟቅ ይሆናል። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ዘመቻ አይደለም። ተማሪው ካገኘው ውጤት አንድ ገጽ በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከነዋሪዎች ጋር ጤና ኬላ ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን ይነጋገር። ‹‹በዚህ ጎጥ ክትባት የጀመሩ ልጆች ሳይጨርሱ ይቀራሉ›› የሚል አንድ አረፍተ ነገር ለእሷ ከመቶ ገጽ ቲሲስ ይበልጣል፤ በማግስቱ የየትኛውን ቤት በር እንደምታንኳኳ ታውቅበታለች።

ከባዱ የመምህሩ ጉዳይ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የተቋማቱ ተግባር ያደርጋል። የማዕረግ ዕድገት ሲመጣ ግን ሚዛኑን የሚደፋው የታተመ ጽሑፍ ነው። ዕድገት የሚጠብቅ መምህር አንድ ወረዳ ላይ አምስት ዓመት ከሚቆይ በአምስት ርዕስ አምስት ጽሑፍ ቢያወጣ ይሻለዋል፤ ሰውየውን አንወቅሰውም፣ ሕጉ ያስተማረውን ነው የሚያደርገው። አንድ የትምህርት ክፍል ጥቂት ቀበሌዎችን ይዞ ቢቆይ የዘንድሮው ተማሪ ያገኘውን ችግር የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መፍትሔ ይሞክርበታል፤ መምህሩም ውጤቱን ያትመዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ቡታጅራ ላይ በ10 ቀበሌዎች ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል፤ አንድ ቦታ ተክሎ መቆየት የሚቻል ነገር ነው። መመዝገቡ ላይ ማገልገሉን መጨመር ነው የቀረው።

እናንተ አሁን ፕሮፖዛል እየጻፋችሁ ያላችሁ፣ አማካሪዎቻችሁ እስኪያዝዟችሁ አትጠብቁ። የሥራ ዕቅዱ ሰንጠረዥ ላይ ‹‹ውጤቱን ለቀበሌው ማሳወቅ›› የምትል አንድ ረድፍ ጨምሩና ቀን ስጧት።

የትምህርት ክፍሎችም የሚያደርጉት አላቸው። ተማሪው መረጃ ለመሰብሰብ ሲወጣ ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይይዛል፤ ከዞን ወረዳ፣ ከወረዳ ቀበሌ እየተመራ ይወርዳል። ያለዚያ ደብዳቤ ማንም በሩን አይከፍትለትም። ከዲፌንስ በፊት ደግሞ ውጤቱ እንደደረሰው የሚገልጽ፣ ጤና ጣቢያው ማኅተም ያሳረፈበት ደብዳቤ ከታች ወደ ላይ ይምጣ። ይህን ለመወሰን አዋጅ አያስፈልግም፤ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴው በአንድ ስብሰባ ሊጨርሰው ይችላል።