ፊት አይመሰክርም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ትዕግስት ያላችሁ አሁኑኑ፣ የሌላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን አደራ፣ እስከ መጨረሻው ዝለቁ። መጨረሻው ላይ እናንተን የሚመለከት ነገር አለ።

ሰሞኑን ደብተር አርሜ ስጨርስ ማታ ማታ የፖሊስ ምርመራ ቪዲዮ ማየት ለምዶብኛል። ዩቲዩብ መቼም አንዱን ካያችሁለት አስሩን ይደረድርላችኋል። ከሁሉም ግን አንዱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። የካናዳዊውን ኮሎኔል፣ የራስል ዊሊያምስን።

ለማታውቁት ባጭሩ ላውጋችሁ። ዊሊያምስ የካናዳ አየር ኃይል አብራሪ ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥን ሳይቀር ያበረረ፣ ኋላም ትሬንተን የሚባለው ትልቅ የአየር ኃይል ጣቢያ አዛዥ የሆነ ሰው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 መጨረሻ ላይ አንዲት የ27 ዓመት ወጣት ከቤቷ ጠፋች። ፖሊስ ቤቷ አካባቢ የመኪና ጎማና የጫማ ዱካ አገኘ። ከዚያ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ጎማ ማየት ጀመረ። የኮሎኔሉ መኪና ጎማ ገጠመ።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን፣ እሁድ ከሰዓት፣ ኦታዋ ላይ ለጥያቄ ጠሩት። መጣ። ማስቲካ እያኘከ፣ ዘና ብሎ። የሚገርማችሁ ደግሞ ዱካው የተገኘበትን ያንኑ ቡትስ ጫማ አድርጎ ነው የመጣው!

መርማሪው ጂም ስማይዝ ይባላል። አይጮህም። ጠረጴዛ አይደበድብም። መብቱን ነገረው፣ ጠበቃ መጥራት እንደሚችል ነገረው፣ ከዚያ እንደ ወዳጅ ማውራት ጀመረ። ዊሊያምስም ለሁሉም መልስ አለው። የጫማህን ዱካ እንውሰድ ሲሉት እሺ፣ ለዲኤንኤ ናሙና ስጠን ሲሉት እሺ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገሩ በጥንቃቄ እንዲያዝ፣ መጠርጠሩ ቢሰማ ሥራው ላይ ችግር እንደሚያመጣ።

በኋላ ስማይዝ የሁለቱን ዱካ ፎቶ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቤቷ አካባቢ የተገኘውንና አሁን ከእግሩ የተወሰደውን። አንድ ናቸው። ሰውዬው ወረቀቱን አየና ዝም አለ። ዝምታው ይረዝማል። ስማይዝም አይቸኩልም፣ አብሮት ዝም ይላል። ቤቱ እየተፈተሸ እንደሆነ ሲነገረው ያንን ሁሉ ሰዓት ያልተነቃነቀው ሰው ተነቃነቀ። ምን ያስጨንቅሃል ሲሉት ስለ ሟቿ አንድ ቃል አልተናገረም። የሚያስጨንቀው ባለቤቱ ላይ የሚደርሰው ነገር ነበር። መርማሪው እኔም እሱኑ ነው የምፈልገው፣ ታዲያ እንዴት እናድርግ አለው። እውነቱን በመናገር እንጀምር ተባባሉ። አስከሬኗ የት ነው ሲባል ካርታ ጠየቀ። ከተቀመጠ ከአራት ሰዓት በላይ ሆኖት ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጥፋተኛነቱን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ሁለት ግድያ፣ ሁለት ወሲባዊ ጥቃት፣ 82 ደግሞ የሰው ቤት ሰብሮ መግባትና የመግባት ሙከራ። ለምን አደረግከው ሲባል የሰጠው መልስ፣ መልሱን እንደማያውቀው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

መጀመሪያ ሳየው "አቤት፣ የወንጀለኛ ፊት እንዲህ ነው ለካ" አልኩ። ሁለተኛ ሳየው አፈርኩ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ብቻ አሳይተው ፍረድ ቢሉኝ ኖሮ "ይሄማ ጨዋ ሰው ነው፣ በነፃ ይሂድ" እል ነበር። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ወንጀለኛነቱን ያወቅነው ከጫማው እንጂ ከዓይኑ አይደለም።

ሦስተኛ ሳየው ግን ደነገጥኩ። ምክንያቱም ኮሎኔሉን የሰበረችውን ያቺን ቁልፍ እኔም በአንድ ወቅት ይዣት አውቃለሁ። የከፈትኩባት በር ግን ሌላ ነበር።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ስሙን አልጠራም፣ ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። ለታመመ የክፍል ጓደኛቸው ተማሪዎቹ 1,200 ብር አዋጥተው ነበር። ገንዘቡ ጠፋ። ብሩን የሰበሰበችው ልጅ እያለቀሰች መጣች። እኔም ወጣት ነኝ፣ አዲስ ሥነ ዜጋ አስተማሪ፣ ሌባ ይዤ ስሜን ላስጠራ ነው መሰል፣ ከእሷ አጠገብ የሚቀመጠውን ልጅ ለብቻው ስታፍ ጠራሁት።

ገና ስሙን ስጠራው አቀረቀረ። ላብ አጠመቀው። ድምፁ አልወጣ አለ። እኔ በልቤ ጨረስኩ፦ "ካላጠፋ ምን አስፈራው?"

አሁን ሳስበው፣ ያ ልጅ ትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ እንዳያፈጥ ተቀጥቶ ያደገ ነው። እኛው "ታላቅህን አክብር፣ አንገትህን ድፋ" ብለን አሳድገን፣ እኛው አንገቱን ስለደፋ ሌባ አልነው። ቀና ብሎ ቢያየኝስ? ተረቱ ዝግጁ ነው እኮ፤ የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ እለው ነበር። ቢያቀረቅር ሌባ፣ ቀና ቢል ዓይን አውጣ ሌባ። በየት ይውጣ?

አልመታሁትም፣ አልተሳደብኩም። ለረጅም ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። በእርጋታ ነው ያልኩት፦ "ተናገርና እዚሁ እንጨርሰው። ካልተናገርክ ነገ እናትህን ይዘህ ትመጣለህ።" እናቱ እንጀራ ጋግራ ነው የምታኖራቸው። አንድ ቀን ከምጣዷ ከራቀች የዚያ ቀን ገቢ የለም።

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ "እኔ ነኝ ቲቸር" አለ።

ብሩስ? "አጥፍቼዋለሁ።" ምን ላይ? መጀመሪያ ጫማ ገዛሁበት አለ። እግሩን አየሁት፣ አሮጌ ጫማ ነው። ቆይቶ ለጓደኛዬ አበደርኩት አለ። የትኛው ጓደኛህ? ዝም። ከቦርሳዋ የትኛው ኪስ ወሰድከው? አላወቀውም። ይሄኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። እኔ ግን ውሸታም ሌባ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በአራተኛው ቀን ማታ ደብተር ሳርም ብሩ ከአንዱ ደብተር መሐል ዱብ አለ። የገንዘብ ያዧ ደብተር ነው። እዚያ ውስጥ አስገብታው ረስታ፣ እኔም ለእርማት ሰብስቤ የወሰድኩት። ስናስጨንቀው የሰነበትነው ብር እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በማግስቱ ለምን ዋሸኸኝ አልኩት። "እናቴን እንዳይጠሩብኝ ብዬ ነው ቲቸር" አለ።

አያችሁ? ኮሎኔሉ ለሚስቱ ብሎ፣ ልጁ ለእናቱ ብሎ። ቁልፏ አንድ ናት። የምንወደውን ሰው ስም ሲያነሱብን፣ በተለይ ከማፈር ልናድነው እንደምንችል ሲነግሩን፣ ያጠፋነውም ያላጠፋነውም እንከፈታለን። ስለዚህ "አምኗል" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ልዩነቱ ያለው ከማመን በኋላ በሚመጣው ነገር ነው። ዊሊያምስ ካርታ ላይ መርማሪው የማያውቀውን ቦታ አሳየ። ቤቱ ውስጥ የደበቃቸውን የኮምፒውተር ማስረጃዎች የት እንዳሉ ተናገረ። ፖሊስ ሄዶ አገኘ። የእኔ ልጅ ግን እኔ ከነገርኩት ሌላ የሚጨምረው ነገር አልነበረውም። የሚያውቀው ከእኔው ጥያቄ የሰማውን ብቻ ነው። የእምነት ቃል የሚመዘነው ጠያቂው የማያውቀውን ነገር ይዞ ሲመጣ ነው።

ይሄ የእኔ ክፍል ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንዲት ሯጭ ክፉኛ ተደብድባና ተደፍራ ተገኘች። ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ታዳጊዎች ተይዘው ለብዙ ሰዓታት ተጠየቁ። አራቱ ቪዲዮ ፊት ሳይቀር ተናዘዙ። ቃላቸው እርስ በርሱ አይገጥምም፣ ዲኤንኤውም የእነሱ አልነበረም። ግን "አምነዋል" ተባለና ዓመታት ታሰሩ። በ2002 ሌላ እስረኛ፣ ማቲያስ ሬይስ፣ ያደረግኩት ብቻዬን እኔ ነኝ አለ። ዲኤንኤው ገጠመ። ፍርዱ ተሻረ፣ በ2014 ከተማዋ 41 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማች። ልጆቹ ለምን አመናችሁ ሲባሉ መልሳቸው ያው ነው፤ ካመንን ወደ ቤት የምንሄድ መስሎን።

"እኔ ግን ሰው አያለሁ፣ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ" የምትሉ አላችሁ። እኔም እል ነበር። ቦንድ እና ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ውጤት፣ ሰው ውሸትና እውነት ለይቶ የሚያውቀው በአማካይ ከ100 አንድ 54 ጊዜ ያህል ነው ይላል። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ታገኛላችሁ። በቃ፣ ዓይናችን ይቺን ታህል ናት።

ለነገሩ እኛ አገር ምልክት ፍለጋ አዲስ አይደለም። ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፣ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። አውጫጭኝም ነበር። አገሬው ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ አይበተንም። ዛሬ ሌባ ሻይ ቀረ ብለን እንስቅበታለን። "ሲያዩት ያስታውቃል" የምንለው ታዲያ ምንድነው? መድኃኒት ያልጠጣ ሌባ ሻይ አይደል?

ሕጋችን እኮ ተጽፏል። እኔው ራሴ ነኝ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። ሰኞ ይህን አስተምሬ ሐሙስ ስታፍ ውስጥ ሻርኩት። ማስገደድ ሲባል ዱላ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለዚያ ልጅ የእናቱ ስም ከዱላ ይብሳል።

"ታዲያ ሌባ አይጠየቅ ነው የምትለው?" የሚለኝ አይጠፋም። ይጠየቅ! ስማይዝ ጠይቆ የለ? ግን እሱ ጎማና ጫማ ይዞ ነው የገባው። እኔ የገባሁት ላብና ማቀርቀር ይዤ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ ዕቃው ነው የሚፈለግ፣ የራሴን ጠረጴዛ ጨምሮ። ከዚያ "ከማን ጋር ምን አየህ" ብዬ እጠይቃለሁ፣ "አንተ ነህ አይደል" አልልም። አምናለሁ የሚለኝ ቢመጣ እንኳ የማላውቀውን አንድ ነገር እስኪያሳየኝ አልቀበለውም። ወላጅ የሆናችሁ፣ ቤታችሁ ሠራተኛ ያላችሁ፣ ሱቅ ላይ ልጅ የቀጠራችሁ፣ ይቺን ሞክሯት።

አሁን መጨረሻው።

ብሩ የተገኘ ቀን ክፍል ገብቼ ያልኩት "ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ወደ ትምህርታችን" ብቻ ነው። የት እንደተገኘ አልተናገርኩም። ልጁ ንጹሕ መሆኑንም አልተናገርኩም። ወሬው ግን ከስታፍ ወጥቶ ነበርና እስከ ዓመቱ መጨረሻ "ሌባው" ሲሉት እየሰማሁ እንዳልሰማ አልፌያለሁ። ለምን? አስተማሪ ተሳሳተ እንዳልባል። ኮሎኔሉ ከሟቿ ይልቅ ስሙ አሳስቦት እንደነበር ሳይ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ወንጀላችን አይገናኝም፣ ፍርሃታችን ግን ዘመዳሞች ናቸው።

የዚያ ዓመት ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ እዚህ አላችሁ። ብሩን ማንም አልሰረቀውም። ያለው እኔ ዘንድ ነበር። ያንን ልጅ በሐሰት ያሳመንኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

አንተም ካነበብከው፣ ያኔ በሁሉ ፊት ማለት የነበረብኝን ዛሬ በሁሉ ፊት እላለሁ፦ ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ። ለእናትህም ንገርልኝ። ከፈቀድክልኝ ደግሞ ቤት ድረስ መጥቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ።