ቡናማ ወይስ ክሬም?



እዚህ ያቤሎ የቤታችንን የላሜራ በርና መስኮቶች ልናስቀባ ተነሣን። ባለቤቴ ጥቁር ቡናማ አለ፤ እኔ ክሬም አልኩ። ሁለታችንም እውነት ነበረን። በዚህ ቀይ አፈር ክሬም ቀለም እያንዳንዱን አቧራ ያሳያል። ጥቁሩ ደግሞ ሙቀት ይስባል፤ በቀትር ላሜራው እጅ ያቃጥላል፣ ቀለሙም በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል።

ሦስት ቀን የተነጋገርነው በልጆቹ በኩል ነው፤ “አባታችሁን እንዲህ በሉት” እያልን። እሑድ ግን በጉባኤው ፊት ፈገግ ብለን ቆምን! ማታ ለእኅቶች ጥናት ዘፍጥረት 13ን ገለጥኩ። የአብራምና የሎጥ እረኞች ሲጣሉ ታላቁ አብራም ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ። የግጦሽ ጠብ ምን እንደሆነ ለቦረና ሰው አይነገርም። እኔም በኮሌጅ ይህን ምዕራፍ ተፈትኜበት አልፌአለሁ፤ በቤቴ ግን ወደቅሁ።

“ቡናማውን ለምን ፈለግኸው?” አልኩት። “ስታጥቢው እንዳትደክሚ ብዬ” አለኝ። እኔ ክሬም ያልኩት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የጎረቤታችን በር አምሮኝ ነው። እናንተስ፣ ከመከራከራችሁ በፊት “ለምን?” ተባብላችሁ ታውቃላችሁ?

የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው በር ክሬም ሆነ፤ አቧራ የሚበዛባቸው የመንገድ በኩል መስኮቶች ቡናማ። ልታስቀቡ ካሰባችሁ ዝገቱን አስፍቃችሁ አንቲረስት አስቀድሙ፤ ብረቱ ሳይግል፣ በማለዳ ይቀባ። የእኛ ቀቢ አርፍዶ በመምጣቱ አንደኛው መስኮት አረፋ አውጥቷል። ባለቤቴ “እሱን እኔ አጥበዋለሁ” ብሏል።