ሳይቱ ያምራል፣ ስሙ ግን የለም

ብዙዎቻችን ዌብሳይት ሠራን የምንለው ገጹ ሲያምር ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የመመዝገቢያ ገጽ ሠርቼ ባስረከብኩ በሳምንቱ አንዲት እናት "ስምዎ የለም" ተብለው ተመለሱ። ስማቸው ግን ነበር። ሲመዘገቡ "ፀሐይ" ተብሎ ተጽፏል፤ ሲፈለግ ደግሞ "ጸሀይ" ተባለ። ለእኛ ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ለየብቻ ናቸው። ጥፋቱ የጸሐፊዋ ሳይሆን የኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ሳላደርግ አላስረክብም። አንደኛ፣ ዳታቤዙን ከመነሻው በዩቲኤፍ-8 እከፍታለሁ፤ አለዚያ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ ሰበብ የለንም። ሁለተኛ፣ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ እመልሳለሁ፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን እንዳለ ይቀመጣል። ሦስተኛ፣ ጳጉሜን 5 ቀን የተወለደ ሰው መመዝገብ መቻሉን እሞክራለሁ።

አንዳንዱ "ይሄማ ትንሽ ነገር ነው" ይላል። ወረፋ ጠብቀው ባዶ እጃቸውን ለተመለሱት እናት ትንሽ አይደለም። እስቲ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ከማስረከባችን በፊት በእናቶቻችን ስም እንፈትሸው።